የወደቀ ካንዴላ

መርሳ፣ ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓሪፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። እንደምን ከርመሃል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማም ደህና ናት። ትሰግዳለች፣ ሰው ሲመጣ ትነሳለች፣ ብይ ሲሏት ትቀምሳለች። አዲሱ የፊዚክስ መምህር እንዴት ነው ብለህ ጠይቀኸኝ ሳልመልስልህ ቀረሁ። ደህና ነው። ድምፁ ቀጭን ስለሆነ ከኋላ አይሰማም።

ዕቃህ መጣ። ለአንበጣ ቅኝት አውሮፕላኑ የሰፈረበት በረሃ ውስጥ ከተኛህበት ድንኳን ሰብስበው በአንድ ጆንያ ልከውልናል። ሸሚዞችህን እማ ለሶደቃ ሰጠች። ሰማያዊውን ቱታ ግን፣ ገና እጥፋቱ እንኳ አልለቀቀም፣ «ይሄን ማን ይለብሰዋል፤ የሞተር ሰው ልብስ ነው» ብላ ለእኔ ተወችልኝ። ኪሱ ውስጥ ትንሽ ካርቶን አገኘሁ። በካርቶኑ ውስጥ ካንዴላ።

ካንዴላ ይዘህልኝ ስትመጣ የመጀመሪያህ አይደለም። ለሞተር እሳት ሲጭሩ ኖረው ዕድሜያቸው ያለቀውን ታመጣልኝና አልጋው ላይ ደርድረን ታስተምረኝ ነበር፤ ጥቀርሻውን መጫር፣ የአፉን ክፍተት በሽቦ መለካት። ይሄኛው ግን አልገባኝም። አላረጀም፣ አልጠቆረም፣ አፉ ግን በመዶሻ ተቀጥቅጦ ተዘግቷል። ካርቶኑ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ «ዓሪፍ፣ ይሄንንም ጣል አሉህ» ተብሎ ተጽፏል። ያንተ እጅ ጽሑፍ አይደለም። ከማን ጋር ነበር የምትቀልደው? እኔ ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነው። እማ ከውጭ ሰማችኝ።

እማን እንቅልፍ የነሳት አንድ ነገር አለ። በቀብርህ ላይ አጎታችን አብዱልሐሊም ቆሞ «ዓሪፍ በእጁም በአፉም የበደላችሁ ካለ አፉ በሉት፣ ይቅር በሉት» አለ። ሰው ሁሉ «አፉ ብለናል» አለ። አንድ ሰው ግን አልነበረም፤ ፓይለቱ ያሬድ፣ ካንተ ጋር በአውሮፕላኑ የወደቀው። አዲስ አበባ ሆስፒታል ተኝቷል። «ከልጄ ጎን ተቀምጦ የወደቀው ሰው አፉ ሳይለው ልጄ አፈር ውስጥ አያርፍም» ትላለች። ጻፍለት አለችኝ። ለፓይለት እንዴት ይጻፋል? አብራችሁ ለምትሠሩት ለሂሩት ልጽፍ ነው፤ እሷ ታድርስልን።

አልጋው ላይ አሁንም በግድግዳው በኩል ነው የምተኛው። ስትመጣ «ተራ እንቀያየር፤ ካንዴላም አንድ ቦታ ሲቆይ በአንድ ጎኑ ይበላል» ትለኝ ነበር። ተራው ያንተ ነው።

ወንድምህ ሙባረክ


መርሳ፣ ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ እህት ሂሩት፣

የላኩልን የሐዘን ደብዳቤ ወንድሙ በሚባለው ሹፌር እጅ ደርሶናል። ለእናቴም አነበብኩላት። እርስዎን «ደርሰሽ ያልቀበርሽው ወንድምሽ ነው፣ አይዞሽ በላት» ብላኛለች፤ እንዳለችው ጻፍኩት፣ አንቱ አለማለቷን፣ ስለማታውቅዎ ነውና፣ ይቅር ይበሏት።

በስልክ ለምን አልደወልክም ላሉት፣ በቤታችን ያለው የእናቴ ስልክ ብቻ ነው። እሱም ጆሮዋ ላይ አይደለም የሚያወራው፤ ለሰፈሩ ነው። ጎረቤት ሁሉ ይሰማል። በደብዳቤ ይሻለኛል።

እንቅልፍ ትተኛለች ወይ ላሉት፣ ለያሬድ የጻፍኩትን አብሬ ልኬያለሁ፤ መልሱ ሲመጣ የምትተኛ ይመስለኛል። ቃሉ የእሷ ነው፤ የእኔ እጁ ብቻ ነው። እባክዎ በእጁ ይስጡልን።

አሁን የምጽፈውን ለእናቴ አላነብላትም። የአውሮፕላኑን ሞተር ምን አቆመው? እዚህ ሰው የሚለው ብዙ ነው። አንዱ ነፋስ ነው ይላል፤ አንዱ ደግሞ መስጊድ በር ላይ፣ እኔ መኖሬን ሳያይ፣ «ሞተሩን የሚያጸዳው እሱ አልነበር?» አለ። ሰላም ሳልለው አለፍኩ።

ደግሞ ለአንድ ሲሊንደር ሁለት ካንዴላ ለምን እንደሚገባ ዓሪፍን ልጠይቀው ስል ቆይቼ ነበር።

ሙባረክ ሰይድ፣ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ውድ ሙባረክ፣

መጀመሪያ አንቱታውን ተወው። ዓሪፍ ራሱ «አንቺ ሴትዮ፣ ቁልፌን የት ደበቅሽው?» ነበር የሚለኝ። አንተ አንቱ ስትለኝ አርጅቼ የተቀመጥኩ መሰለኝ። ለእናትህ ጉልበቷን ስሜያለሁ በልልኝ።

ደብዳቤያችሁን ለያሬድ ባለቤት ለቤተልሔም ሰጥቻታለሁ። ያሬድ ጀርባው ስለተሰበረ ቀና ብሎ አይቀመጥም፤ እሷ ታነብለታለች።

ዘግይቼ ስለመለስኩልህ ይቅርታ። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ። ሞተሩን ምን እንዳቆመው አላውቅም። መርማሪዎች እያዩት ነው። የማላውቀውን ነግሬህ ነገ ደግሞ ሌላ ከምነግርህ፣ የማውቀውን ልንገርህ።

የሁለቱ ካንዴላ ነገር ቀላል ነው። አንዱ ቢጠፋ ሌላው ይዞት እንዲሄድ ነው። ሰማይ ላይ ዳር ይዞ መቆም የለም።

ዓሪፍ እንዴት እንደሚሠራ አልጠየቅከኝም፤ መጠየቅ ፈልገህ እንደተውከው ግን ገብቶኛል። የአራቱን ሲሊንደር ስምንት ካንዴላ ያወጣና ቀዳዳ ቀዳዳ ባለው እንጨት ላይ በየቁጥራቸው ይሰካቸዋል። ከታች የነበሩት ሁልጊዜ ይብሳሉ፤ ከቤንዚኑ የሚወጣው እርሳስ እንደ ጠጠር ይጋገርባቸዋል። እሱን በቀስታ ይለቅማል። ሲመልሳቸው የላዩን ወደ ታች፣ የታቹን ወደ ላይ ያዘዋውራል። ለእያንዳንዳቸው አዲስ የመዳብ ቀለበት። ያኔ ሰው አያናግረውም፤ ብትጠራውም አይሰማም። አንድ ሕግ ነበረው፤ ከእጅ የወደቀ ካንዴላ ተመልሶ አይገባም። ውስጡ ያለው ሸክላ ይሰነጠቅና ከውጭ አይታይም። መሬት ላይ ደህና ይሠራል፣ ሰማይ ላይ ይከዳል። የሁላችንም ሕግ ነው፤ እሱ ግን ከሁላችን ይልቅ ደረቅ ነበር። የወደቀውን በመዶሻ አፉን ይቀጠቅጠዋል፤ ቸግሮት ከቆሻሻ አንስቶ የሚመልሰው እንዳይኖር።

ትምህርትህን አትተው። እሱ ስለ አንተ ሲያወራ ሌላ ሰው ነበር የሚሆነው።

ሂሩት


አዲስ አበባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሙባረክ፣

መልስህን ሳልጠብቅ የምጽፍልህ ቸኩዬ ነው። ለያሬድ ምን ብለህ ነው የጻፍክለት? ዓሪፍስ ከመሞቱ በፊት ምን ብሎህ ነበር? እውነቱን ንገረኝ፤ አልቆጣም።

ቤተልሔም ስታነብለት ያሬድ «ምን አድርጎኝ ነው ይቅርታ የሚጠይቁልኝ?» አለ። ደብዳቤው «ልጄ በእጁ በድሎህ ከሆነ፣ አውቆም ሆነ ሳያውቅ» ይላል። በእጁ ይላል፣ ሙባረክ። ያሬድ ደብዳቤውን ለመርማሪዎቹ ሰጣቸው። እነሱም ልጁ ለቤተሰቡ የነገራቸው ነገር አለ ብለው ያዙት።

ባለፈው ያልነገርኩህን አሁን ልነግርህ ግድ ሆነ። ከአደጋው ቀን በፊት ባለው ቀን ከዓሪፍ እጅ አንድ ካንዴላ ወደቀ። አጠገቡ ነበርኩ። መለዋወጫ አልነበረንም። ያሬድ ደግሞ የአንበጣውን መንጋ ሳይበተን ሊያየው ቸኩሎ ነበርና «አፈር ላይ ነው የወደቀው፣ ጠርገህ መልሰው» አለው። ዓሪፍ አልመልስም አለ። ክፉ ተነጋገሩ። እኔ በመኪና ሰመራ ሄጄ አንድ አዲስ ይዤ ስመለስ ዓሪፍ ደክሞት ተኝቷል። በካርቶኑ ላይ ቀልድ ጻፍኩበትና ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት። ጎህ ሲቀድ ብቻውን ገጠመው፤ እኛ ስንነሳ የሞተሩ ክዳን ተዘግቷል። ከዚያ እሱና ያሬድ ተሳፍረው በረሩ።

አሁን የሚሉት ይህ ነው። አዲሱን ለክፉ ቀን ደብቆ የወደቀውን መልሶት ይሆናል። ሞተሩ ከወደቀ በኋላ ሁሉም ተንኳኩቷል፤ የቱ ቀድሞ እንደተሰነጠቀ አይለይም። የወደቀውን በቆሻሻው ሁሉ ፈለግን፣ የለም። ካርቶኑም የለም። አፉን ይቀጠቅጠው ነበር ብዬ ማልኩላቸው። ልማድ ማስረጃ አይሆንም አሉኝ።

እኔ አላምንም። ግን እጄ ባዶ ነው። የምታውቀው ካለ ጻፍልኝ።

ሂሩት


መርሳ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

እህት ሂሩት፣

ደብዳቤሽን እማ አንብብልኝ ስትለኝ የሌለ ሰላምታ ከራሴ እየፈጠርኩ አነበብኩላት። «ይሄ ሁሉ ወረቀት ሰላምታ ብቻ ነው?» አለች። አዎ፣ የከተማ ሰው ሰላምታው ረዥም ነው አልኳት።

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያሬድ የአገራችን ሰው ያለመሆኑን ማሰብ ነበረብኝ። እኛ ዘንድ አፉ በሉኝ የሚለው የበደለ ብቻ አይደለም። ጾም ሊገባ ሲል ጎረቤት ለጎረቤት ይለዋል። ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ በየቤቱ እየዞረ ይለዋል። የሞተ ሰው ራሱ ማለት ስለማይችል ዘመዱ ይልለታል። «በእጁም በአፉም፣ አውቆም ሳያውቅም» የሚለው ቃሉ ነው፤ ለሁሉም እንዲያ ነው የሚባለው። የጎረቤታችን የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ስትሞት እንኳ አባቷ እንዲያ ብሎላታል። የስድስት ዓመት ልጅ በእጇ ማንን ትበድላለች? ዓሪፍ የነገረን ምንም የለም። ለመጨረሻ ጊዜ ሲደውል የጠየቀኝ ስለ ፊዚክስ መምህሬ ነው።

አሁን ደግሞ ይህን ስሚ። ደብዳቤሽ ላይ ቀልድ ጻፍኩበት ካልሽው በታች ያለውን ለጊዜው አላነበብኩትም። ተነስቼ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። «ዓሪፍ፣ ይሄንንም ጣል አሉህ» ብለሽ ነው የጻፍሽው? ካርቶኑ እኛ ጋ ነው። በአዲሱ ቱታው ኪስ ውስጥ ነበር፤ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቅሎ የቀረው። በውስጡ ያለው አዲሱ ካንዴላ አይደለም። አፉ በመዶሻ የተዘጋ ነው። አዲሱን አውጥቶ ሞተሩ ላይ ገጥሞታል ማለት ነው፤ የወደቀውን በአዲሱ ካርቶን ውስጥ አስገብቶ ለእኔ አስቀምጦታል፤ ሁልጊዜ እንደሚያደርገው።

በሹፌሩ እጅ ልኬልሻለሁ፤ በጥጥ ጠቅልዬዋለሁ። «እንዳትጥለው» ብዬ ስለምነው ወንድሙ «እንቁላል ነው እንዴ?» አለኝ። ከሄደ በኋላ ነው የገባኝ፤ ቢጥለውም ግድ አልነበረውም።

ሲጨርሱ ይመልሱልኝ በያቸው። የእኔ ነው።

ሙባረክ


አዲስ አበባ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ሙባረክ፣

ደርሶኛል። ካርቶኑን ሳየው ጽሑፉን በመዳፌ ሸፈንኩት። የራሴን እጅ ጽሑፍ አይቼ እንዲያ ይሆንብኛል ብዬ አላስብም ነበር።

መርማሪዎቹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩት። ከመካከላቸው ሽማግሌው ካንዴላውን አንስቶ በመነጽሩ በኩል ሲያገላብጠው ቆየ። «ይሄን የመታው ሰው መልሶ ሊገጥመው አስቦ አይደለም» አለ። የዓሪፍን ካንዴላ ከጥርጣሬ አውጥተውታል፤ በጽሑፍ አይቻለሁ። ታዲያ ሞተሩን ምን አቆመው ትለኛለህ። አሁንም አላውቅም። ከበርሜል የተቀዳው ቤንዚን ውሃ ነበረው የሚሉ አሉ። ላይታወቅም ይችላል። ይህን ሳልነግርህ ብቀር ደስ ባለኝ፤ ግን ስለ ምንም ነገር ሁለተኛ እንዳልደብቅህ ለራሴ ቃል ገብቻለሁ።

ያሬድ ጋ ሄጄ የጻፍክልኝን የአፉታ ነገር አነበብኩለት። የስድስት ዓመቷ ልጅ ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ቤተልሔም ውጪ አለችኝ፤ ወጣሁ። ስመለስ እንዲህ አለኝ፤ «ያን ቀን መልሰው ያልኩት እኔ ነኝ። ፈሪ ብዬ ሰደብኩት። እሱ ግን አልሰማኝም። አሁን እኔ ምኑን ነው ይቅር የምለው?»

«አፉ ብያለሁ»ን በደብዳቤ አልልም ብሏል። ተነስቶ መሄድ ቢችል እሱ ይመጣ ነበር። እናትህ መምጣት ትችላለች? ማደሪያዋ እኔ ቤት ነው።

ካንዴላህን ለእሷ እሰጣታለሁ።

ሂሩት


መርሳ፣ ኅዳር 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ወንድሜ ዓሪፍ፣

አሰላሙ ዐለይኩም። ቤቱ ውስጥ ብቻዬን ነኝ። እማ ከአጎታችን ጋር ትናንት በሹፌሩ መኪና አዲስ አበባ ሄደች። እስከዛሬ ከወልድያ አልፋ አታውቅም። ውርጌሳን ሳያልፉ ወደተበደርኩት ስልክ ደውላ «በሩን ቆልፈሃል?» አለችኝ፤ እኔ እኮ ቤት ውስጥ ነኝ።

ከመሄዷ በፊት ሁሉን ነገርኳት፤ ጥርጣሬውን፣ ካርቶኑን፣ ንጹሕ ሆነህ መገኘትህን። ከእንግዲህ መሄድሽ ግድ አይደለም፣ ጥፋት የለበትም አልኳት። ነጠላዋን ስታጥፍ ነበር። ቀና ብላ አየችኝ።

«ጥፋት አለበት ብዬ መስሎህ ነው ያስጻፍኩህ?» አለችኝ። «ሰው ከሰው ጋር ውሎ አድሮ፣ ሳይነካካ አይለያይም። ልጄን ያሬድም ክፉ ተናግሮታል ብለሃል። እሱስ አፉ የሚለው አይፈልግም?»

ማታ ደወለች። ስልኩን ከማን እንደተበደርኩ ሳትጠይቅ «አፉ ብሎታል» አለች። «እኔም በልጄ ፈንታ ብያለሁ።» ከኋላዋ የሂሩት ድምፅ ይሰማ ነበር፤ እራት ቀረበ ስትል። «ልተኛ ነው» አለችኝ እማ። ከመቼ ወዲህ እንዳላለችው አንተም ታውቃለህ።

እኔ በግድግዳው በኩል ተኛሁ፤ እንቅልፍ እንቢ ሲለኝ ወዳንተ በኩል ዞርኩ። ፍራሹ እዚያ ጋ ጎድጎድ ብሏል። ነግቶ ነው የነቃሁት፤ ለሱብሒ የሚቀሰቅሰኝ አልነበረም። ሰግጄ ቱታህን ለበስኩ። እጅጌው ይረዝመኛል፣ ጠቀለልኩት።

ጋሽ አማን የሽንኩርት ማሳው ላይ ያለው የውሃ ፓምፕ አልነሳ ብሎት «የዓሪፍን እጅ አይተሃል፣ እስቲ ሞክረው» ብሎኝ ነበር። ከትምህርት በፊት ልጨርስለት ሄድኩ። እናትህ ገባች ወይ አለኝ፤ ገባች አልኩት። ካንዴላውን ፈታሁት። ጥቁር ሆኖ በዘይት ርሷል። በሽቦ ብሩሽ አጸዳሁት፣ ክፍተቱን ባንተ ሽቦ ለካሁት፣ ልመልሰው ስል እጄ ዘይት ነበረውና ከቦዩ ጠርዝ ድንጋይ ላይ ወደቀ።

አነሳሁት። ምንም አልሆነም። አማን «ምን ሆነ፤ ጠርገህ መልሰው» አለኝ።

ለፓምፕ ያን ያህል እንደማያሰጋ አውቃለሁ። አንተው ነግረኸኛል፤ ፓምፕ ቢቆም የሚወድቅ ሰው የለም። መልሼው ቢሆን ኖሮ ይነሳ ነበር ይመስለኛል። ግን ድንጋዩ ላይ አስቀመጥኩትና መዶሻውን አንስቼ አፉን መታሁት።

አማን መጀመሪያ አልገባውም። ከዚያ ገባው። «አንተ ልጅ፣ እብድ ነህ? ሽንኩርቴ በምን ሊጠጣ ነው?» አለኝ። ይቆዩኝ ብዬ ሄድኩ። መርሳ ያሉት ካንዴላዎች የባጃጅ ብቻ ሆኑብኝ፤ ሚኒባስ ይዤ ወልድያ ሄድኩ፤ መለዋወጫ ቤቱ ገና አልከፈተም፤ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብዬ ጠበቅሁ። የፊዚክስ ክፍለ ጊዜ እያለፈ እንደሆነ አውቄያለሁ። ባለ ሱቁ ቱታዬን አይቶ «ጋራዥ ያለህ የት ነው?» አለኝ።

ስመለስ ፀሐዩ በርትቷል። አማን ጋቢውን ተከናንቦ ከፓምፑ ጎን ተቀምጧል። አዲሱን በሁለት እጄ ይዤ አስገባሁት፤ መጀመሪያ በጣቴ፣ ከዚያ በቁልፍ። የወደቀውን በአዲሱ ካርቶን ከትቼ ኪሴ ውስጥ አደረግሁት።

«ጋሽ አማን፣ ጠዋትዎን አባክኜብዎታለሁ፤ አፉ በሉኝ» አልኩት።

ሽንኩርቱን አየ፣ እኔን አየ፣ የቱታውን እጅጌ አየ።

«አፉ ብያለሁ» አለ። «በል የማስነሻ ገመዱን ሳበው።»

ሳብኩት።